አንድ ሥራ፣ አንድ ሚስት

መቼም አሰልጣኝ እንደማባረር የሚቀለን ነገር የለም። እኔ ራሴ በጉብዝናዬ ወራት ካታንጋ ተቀምጬ ስንቱን አሰልጣኝ "ይውረድ! ይውረድ!" እያልኩ ጮኬበታለሁ። ሁለት ጨዋታ መሸነፍ በቂ ነበር። ሰውዬው ምን ተጫዋች እንዳለው፣ ደመወዙ ከተከፈለው ስንት ወር እንደሆነው፣ ቡድኑ የሚለማመድበት ሜዳ ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ አልነበረም። ይውረድ፣ አለቀ!

እናላችሁ፣ አንድ ሰው በአንድ ኮሌጅ ውስጥ አንድን ቡድን ይዞ ሃምሳ ስድስት ዓመት ኖረ ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ "ርስቱ ነው እንዴ?" የሚል ነበር።

የነገረኝ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ የሚኖር ዘመዴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሱ ቤት ከርሜ ነበር። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከእናቱ ፎቶግራፍ አጠገብ፣ በመስታወት የተሠራ አሮጌ የጋዜጣ ገጽ ተሰቅሏል። 17 ቁጥር የለበሰ ጥቁር ተጫዋች ኳስ ሊወረውር እጁን አንስቷል። "ይሄ ደግሞ ማነው?" አልኩት። "ዶግ ዊሊያምስ ነዋ!" አለኝ፤ አለማወቄ አሳፍሮት። አሜሪካ በገባ በመጀመሪያው ክረምት ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራ ነበር። የዋሽንግተን ቡድን ዋንጫውን የበላ ሌሊት አብረውት የሚሠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ሲያለቅሱ አየ። ምን እንዳስለቀሳቸው የገባው ግን እንግሊዝኛው ከተስተካከለ በኋላ ነው። "እና ይሄን ልጅ ማን እንዳሰለጠነው ታውቃለህ?" አለኝ። አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሰውዬውን ስከታተለው፣ ስለ እሱ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ።

ስሙ ኤዲ ሮቢንሰን ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። አገሩ የአሜሪካ ደቡብ፣ ሉዊዚያና፤ ከተማው ጃክሰን የምትባል ትንሽ ስፍራ። አባቱ በእኛ አነጋገር የእኩል አራሽ ነበሩ፤ በሰው መሬት ላይ ጥጥ ያመርታሉ። እናቱ ሰው ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ። በኋላ ወደ ባተን ሩዥ ከተማ ሄዱና ልጁ እዚያ ተማረ። ሌላንድ በሚባል ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ እየተጫወተ ዲግሪውን በ1941 ያዘ። ዲግሪ የያዘ ጥቁር ወጣት ያኔ ምን ሥራ ያገኝ ነበር? ሮቢንሰን ያገኘው የከብት መኖ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ በሰዓት 25 ሳንቲም።

እዚያው እያለ በሰሜን ሉዊዚያና፣ ግራምብሊንግ በምትባል የገጠር ከተማ አንድ የጥቁሮች ተቋም አሰልጣኝ እንደሚፈልግ በሚስቱ ዘመድ በኩል ሰማ። ሄዶ ተቀጠረ። ዕድሜው 22፣ ደመወዙ በወር 63 ዶላር ከ75 ሳንቲም። ዓመቱን ልብ በሉልኝ፤ 1941 ነው። ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት ዓመት። ሰውዬው ሥራውን የለቀቀው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1990 ነው። እኛ ንጉሡን ሸኝተን፣ ደርግን ተቀብለን፣ ደርግን ሸኝተን፣ ኢሕአዴግን ስድስት ዓመት ካየን በኋላ ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እሱ እዚያው ሜዳ ላይ ነበር።

የተቋሙ ስም ያኔ "የሉዊዚያና የኔግሮ መምህራን ማሠልጠኛና የኢንዱስትሪ ተቋም" ነበር። በ1946 አሳጥረው ግራምብሊንግ ኮሌጅ አሉት። ጨፋሪዎቹ ሙሉ ስሙን ጠርተው "ጠንክሩ!" ብለው እስኪጨርሱ ተጋጣሚው አግብቶብን ያርፋል እያሉ ይቀልዱ እንደነበር ይነገራል።

ዋና አሰልጣኝ ሲባል ታዲያ ረዳቶቹን አስከትሎ፣ ፉጨቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚንጎራደድ ሰው እንዳይመስላችሁ። የሜዳውን ሣር የሚያጭደው እሱ፣ መስመሩን የሚያሰምረው እሱ፣ የተጫዋቹን ቁርጭምጭሚት በፕላስተር የሚጠቀልለው እሱ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ለጋዜጣ ዘገባ የሚጽፈው እሱ።

እዚህ ላይ ስደርስ የኛ የስፖርት አስተማሪ ትዝ አሉኝ። የት ትምህርት ቤት እንደሆነ ይቆይልኝ። እኛ "ጋሽ ኖራ" ነበር የምንላቸው። በጠዋት ስንመጣ ኖራውን በቆርቆሮ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው የሜዳውን መስመር ሲያሰምሩ እናገኛቸዋለን። እጃቸው፣ ጫማቸው፣ የሱሪያቸው ጫፍ ነጭ ነው። ኳሱን የሚሰፉትም እሳቸው ነበሩ። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

የሮቢንሰን የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ሦስት ማሸነፍ፣ አምስት መሸነፍ ነው። እኛ ብንሆን "ይውረድ!" የምንልበት ውጤት ማለት ነው። ኮሌጁ ታገሠው። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1942፣ ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውቶ ዘጠኙንም አሸነፈ። በእነዚያ ዘጠኝ ጨዋታዎች አንድ ነጥብ እንኳ ያስቆጠረበት ቡድን አልነበረም።

ቀጥሎ ጦርነቱ ወጣቱን ወሰደና ኮሌጁ በ1943ና በ1944 ቡድን አጣ። ሮቢንሰን እዚያው ከተማ ያለውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ያዘ። ከዚያ ጊዜ የሚነገርለት ታሪክ አለ። አንድ ገበሬ ጥጡ ደርሶበት ልጆቹን ከቡድኑ አስወጣቸው። እውነቱን ነው፤ ጥጡ ካልተለቀመ ክረምቱን ምን ይበላሉ? ሮቢንሰን አልተከራከረም። ቡድኑን ሰብስቦ እርሻው ላይ ወረደና ጥጡን ለቀመ። እኛ ደቦ የምንለው መሆኑ ነው። ጥጡ አለቀ፣ ልጆቹም ወደ ሜዳ ተመለሱ። የእኩል አራሽ ልጅ ስለሆነ ገበሬውን "ትምህርት ጠላት" ብሎ ሊሰድበው አልቻለም።

አሁን ደግሞ ስለ ጊዜው ላንሳ። በአሜሪካ ደቡብ ውስጥ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ቡድኑ በአውቶቡስ ለግጥሚያ ሲሄድ መንገድ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች አያስገቡትም፤ መጸዳጃቸውንም አያስነኩትም። ስለዚህ ሮቢንሰን ሳንድዊች ጠቅልሎ ይዞ ይነሳል። ደግሞ እኮ እነዚህን ልጆች ከረባት አሥረው እንዲሄዱ፣ ሹካና ቢላ አያያዝ እንዲያውቁ ያስተምራቸው ነበር። ማለዳ ማለዳ ቃጭል እያቃጨለ በየመኝታ ክፍላቸው እየዞረ ለክፍል ይቀሰቅሳቸዋል። ለምን ቢባል፣ በሩ አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም፤ ሲከፈት ግን ተኝታችሁ እንዳያገኛችሁ ነው።

በሩ መጀመሪያ ገርበብ ያለው በ1949 ነው። "ታንክ" በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ፖል ያንገር ከግራምብሊንግ ወጥቶ ለሎስ አንጀለስ ራምስ ፈረመ። ከጥቁሮች ኮሌጅ ተነሥቶ የትልቁ ፕሮፌሽናል ሊግ ተጫዋች የሆነ የመጀመሪያው ሰው ነው። ሮቢንሰን ሲሸኘው ያሸከመው ከባድ አደራ ነበር፤ አንተ ካልተሳካልህ ሌላ ልጅ ለመጠየቅ ስንት ዓመት እንደሚፈጅባቸው አይታወቅም የሚል። ታንክ ተሳካለት። ከእሱ በኋላ ከግራምብሊንግ ከ200 የሚበልጡ ልጆች ወደ ፕሮፌሽናል ቡድኖች ሄዱ። ዊሊ ዴቪስ፣ ባክ ቡካናን፣ ዊሊ ብራውንና ቻርሊ ጆይነር የፕሮፌሽናል ፉትቦል የክብር መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ከአንዲት የገጠር ከተማ!

አንድ ቦታ ግን እንደተዘጋ ቀረ። ፉትቦላቸውን አይታችሁ እንደሆነ (እግር ኳስ ይበሉት እንጂ ጨዋታው ባብዛኛው በእጅ ነው) ኳርተርባክ የሚባል ተጫዋች አለ። ኳሷን ከመሃል ይቀበላል፤ ከዚያ ለማን ትወርወር፣ በየት በኩል ትሂድ የሚለውን በሁለት በሦስት ሰኮንድ ውስጥ ይወስናል። የቡድኑ ጭንቅላት ነው። የዚያን ጊዜ ሰዎች "ጥቁር ይሮጣል፣ ይገፋል፣ ይዘላል፤ ማሰብ ላይ ግን..." ይሉ ነበር። ኮሌጅ ውስጥ ኳርተርባክ የነበረውን ጥቁር ልጅ ፕሮፌሽናል ቡድን ሲገባ ቦታውን ያስቀይሩታል። እንግዲህ ጉዳዩ የኳስ ብቻ አልነበረም።

ሮቢንሰን ይህንን ነገር ሆን ብሎ ያዘው። ጄምስ ሃሪስ የሚባለውን ልጅ ለዚያው ቦታ፣ ለዚያው ብቻ አዘጋጀው። ልጁ በ1969 ወደ ቡፋሎ ቢልስ ሲሄድ የመከረውን ሃሪስ በኋላ ሲያወራው ኖሯል፤ ለመሄድ ከወሰንክ "ጥቁር ስለሆንኩ ነው ያልተሳካልኝ" ብለህ እንዳትመለስ፣ ጥቁር መሆንህን ገና ሳትሄድ ታውቀዋለህ የሚል ነበር። ጨካኝ ምክር ነው? እኔ መጀመሪያ ሳነበው እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን አባት ለልጁ የሚሰጠው ዓይነት ምክር ሆኖ አገኘሁት። ሃሪስ በዚያው ዓመት የውድድር ዘመኑን መክፈቻ ጨዋታ በኳርተርባክነት ጀመረ፤ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው የዘመዴ ግድግዳ ላይ ያለው ልጅ ነው። ዶግ ዊሊያምስ በ1978 ታምፓ ቤይ ውስጥ ጀመረ። ቡድኑን ከታች አንስቶ ሰው አደረገው፤ ደመወዝ ላይ ግን ከሌሎቹ ቡድኖች ኳርተርባኮች በታች አስቀመጡት። አልስማማ ሲል ለቆ ወጣ። ሚስቱ ሞተችበት። የገባበት ሌላ ሊግም ፈረሰ። በ1986 ዋሽንግተን ተጠባባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ ጃንዋሪ 31 ቀን 1988፣ ሱፐር ቦውል፣ ሳንዲያጎ ከተማ። የዋሽንግተን ቡድን (ያኔ ሬድስኪንስ ይባል ነበር) መጀመሪያ 10 ለ 0 ተመራ። በሁለተኛው ሩብ ብቻ ግን 35 ነጥብ አስቆጠረ፤ አራቱ የዊሊያምስ ውርወራዎች ናቸው። መጨረሻው 42 ለ 10። የጨዋታው ኮከብም እሱ ሆነ። "ማሰብ ላይ ግን..." የሚለው ወሬ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ አፈር በላ። የፓርኪንጉ ሰዎች ያለቀሱት ለዚህ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሰውዬውን ጻድቅ ሊያስመስለው ይችላል። አይደለም፤ በዘመኑም ሁሉም አልወደደውም። በ1967 የራሱ ኮሌጅ ተማሪዎች ዐመፁ። ጥያቄያቸው "ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የኳስ ክለብ? ከትምህርቱ ይልቅ ኳሱ ለምን ይቀድማል?" የሚል ነበር። የግዛቲቱ ገዥ ብሔራዊ ዘብ ላከ፤ ተማሪዎችም ተባረሩ። ጥያቄው ዛሬም ቢሆን ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ሮቢንሰን ደግሞ ሰልፍ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ልጆቹን አገራችሁን ውደዱ፣ ይቺ አገር ዕድል ትሰጣለች ይላቸው ነበር። ሳንድዊች ጠቅልሎ ሲጓዝ ለኖረ ሰው ይሄ አባባል የሚገርም ነው። አንዳንድ ወጣቶች "አጎብዳጅ" ቢሉት አልፈርድባቸውም። ግን እሱ ጥጥ በመልቀም፣ ኳርተርባክ በማውጣት የሠራውን ደግሞ ሰልፍ ብቻውን ይሠራው ነበር ብዬ አልምልም። ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር መሰለኝ።

በ1985 በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ከማንም አሰልጣኝ በላይ ድል ያገኘ ሰው ሆነ። ኦክቶበር 5 ቀን ዳላስ ላይ ፕሬሪ ቪውን 27 ለ 7 ሲያሸንፍ 324ኛው ነበር። የበለጠው ቤር ብራያንትን ነው። ብራያንት የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ዝነኛ አሰልጣኝ ነበር፤ 323 ድል አግኝቶ በ1982 ጡረታ ወጣ። የእሱ ቡድን ጥቁር ተጫዋች ሜዳ ያስገባው በ1971 ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ አንድ ሥራ ሠሩ። አንዱ ትልቅ ስታዲየም፣ ትልቅ በጀት ነበረው። ሌላው የኖራ ቆርቆሮ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው እኔን ያሳዘነኝ። ነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ለጥቁር ተጫዋች ሲከፍቱ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ጎበዝ ጎበዙ ልጅ ወደዚያ ሄደ። ቴሌቪዥን ያለው፣ ገንዘብ ያለው እዚያ ነዋ! ሮቢንሰን ሲያንኳኳው የኖረው በር ተከፈተና ልጆቹ በዚያው በር ወጡበት። በሩ የተከፈተው ደግሞ ለተጫዋች ነበር። የትልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ምድብ የመጀመሪያውን ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ያየው በ1979 ነው፤ ዊሊ ጄፍሪስ፣ ዊቺታ ስቴት። ሮቢንሰን ያኔ ዕድሜው 60 ነበር።

መጨረሻው አላማረም። በ1995 400ኛ ድሉን አገኘ፤ ነገር ግን ያ ዓመት ራሱ በሽንፈት በልጦ አለቀ። ከዚያ 3 ለ 8፤ ከዚያም እንደገና 3 ለ 8። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት 11 አሸንፎ 22 ተሸነፈ። በ1996 መጨረሻ ኮሌጁ ሊያሰናብተው አሰበ። "ይውረድ!" የሚሉ ነበሩ ማለት ነው፤ እዚያም አለ። ሕዝቡ ተንጫጫ፤ የግዛቲቱ ገዥ ማይክ ፎስተር ሳይቀሩ ገቡበት፤ አንድ የመሰናበቻ ዓመት ተሰጠው። የመጨረሻ ጨዋታው በኖቬምበር 1997 ኒው ኦርሊንስ ላይ ነበር፤ 30 ለ 7 ተሸነፈ። ዕድሜው 78 ደርሶ ነበር። ቦታውን የተረከበው ያው የግድግዳው ልጅ፣ ዶግ ዊሊያምስ ነው።

ቀድሞ መልቀቅ ነበረበት? ሳይሆን አይቀርም። መቼ እንደሚነሱ ማወቅ የሚቀመጡበትን ከማግኘት ይከብዳል፤ እኛ አገርም ይሄን በደንብ እናውቀዋለን። ግን አንድ ልዩነት አለ። እኛ የምናውቃቸው አልነሳ ባዮች ወንበሩ የሚሰጣቸውን ነገር ፈልገው ነው። ይሄ ሰው የሙጥኝ ያለው ማለዳ ተነሥቶ ቃጭል ማቃጨል ነበር።

ጡረታ ከወጣ በኋላ አልዛይመር ያዘው። 408 ድል፣ 165 ሽንፈት፣ 15 አቻ፤ አርባ አምስት የድል ዓመታት፤ አሥራ ሰባት የሊግ ዋንጫ። ይህን ሁሉ ቀስ በቀስ ረሳው። በኤፕሪል 2007 በ88 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ባተን ሩዥ በሚገኘው የግዛቲቱ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ሕዝብ እንዲሰናበተው ተቀመጠ። ዲግሪ ይዞ በ25 ሳንቲም በሠራባት ከተማ።

408ቱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። በ2003 ጆን ጋሊያርዲ የሚባል የትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኝ አለፈው። ከትልቆቹ መካከል ደግሞ የፔን ስቴቱ ጆ ፓተርኖ በኦክቶበር 2011 409 ደረሰ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ የቀድሞ ረዳቱ ሕፃናትን ሲደፍር የኖረ መሆኑ ሲወጣ፣ ፓተርኖም የሰማውን ይዞ በቂ ነገር አላደረገም ተብሎ ተባረረ። በ2012 ድሎቹ ተሠረዙበትና ሮቢንሰን አንደኛ ሆነ። በ2015 ተመለሱለትና ሮቢንሰን እንደገና ሁለተኛ ሆነ። ሟቹ ሰውዬ መቃብሩ ውስጥ ሆኖ ወጣ ወረደ። የቁጥር ነገር እንዲህ ነው፤ ሰው ይጨምረዋል፣ ሰው ይፍቀዋል።

ሮቢንሰን በሕይወት ሳለ ስለ ሪኮርዱ ሲጠይቁት የሚመልሰው ሌላ ነበር። እውነተኛው ሪኮርዴ አንድ ሥራና አንድ ሚስት ነው ይል ነበር። ባለቤቱን ዶሪስን ያገባው በ1941 ነው፤ አብረው እስከ ሞቱ ቀን ኖሩ። ይህን ቁጥር የሚሠርዝ ኮሚቴ የለም።

ወደ ጋሽ ኖራ ልመለስ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያቺን ሜዳ አስምረዋል። ጡረታ የወጡ ቀን የሆነውን የሰማሁት ከአንድ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ነው። የስንብት ደብዳቤያቸውን ጸሐፊዋ ሰጠቻቸው፤ የስፖርት ዕቃ መጋዘኑን ቁልፍ አስረከቡ፤ ፈረሙ፤ ወጡ። ሻይ የጋበዛቸው ሰው አልነበረም። ይህን ስሰማ ትምህርት ቤቱን በጣም ተናደድኩበት፤ "እንዴት እንዲህ ይደረጋል!" እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ቤታቸው ከእኔ ቤት በታክሲ ሃያ ደቂቃ አይሆንም ነበር። አልሄድኩም። ዛሬ ነገ ስል ማረፋቸውን ሰማሁ።

እና አሁን የዘመዴ ግድግዳ ትዝ ሲለኝ ደስታው ከኀፍረት ጋር ይመጣብኛል። እሱ የማያውቀውን ሰው ፎቶ ከእናቱ ፎቶ ጎን ሰቅሏል። እኔ ለሚያውቁኝ፣ ላሰመሩልኝ ሰው አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዤ ደጃቸውን አላንኳኳሁም። እናንተ ግን ያስተማሯችሁ፣ ያሠለጠኗችሁ፣ በቆርቆሮ ኖራ ይዘው የጎነበሱላችሁ ሰው በሕይወት ካሉ፣ ታክሲው ሩቅ አይደለም።